የጋሽ ከፍያለው በጋ

አለቃዬ ዱዌይን ስሜን መጥራት አልሆነለትም። ሥራ የጀመርኩ ቀን «ዊንታ» አልኩት። «ዊንተር?» አለ። «ዊን-ታ» አልኩት ቀስ ብዬ። «እኔስ ምን አልኩ? ዊንተር» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም አንድ የቴክሳስ ሰው በአንድ ትንፋሽ ክረምት አደረገው።

ቤቱ አርሊንግተን ሐይቅ አጠገብ ያለ የጀልባ ጥገና ቤት ነው። ከፊት ለፊት ሱቅ አለው፤ እኔ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ቆሜ ለዓሣ አጥማጆች ትልና በረዶ እሸጥ ነበር። ሞተር የሚፈታው ከኋላ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ የጥገና መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ አውርጄ አነባለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊቼን ይዤ መካኒኮቹ ኋላ እቆምና እጃቸውን አያለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ምስጋናውን የምካፈለው ሰው የለም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሞተር ሲያስነጥስ በድምፁ ብቻ የቱ ሲሊንደር እንደታመመ መናገር ጀመርኩ። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔን ግን ማንም አልወደደልኝም።

የምኖረው ከአክስቴ ከእትዬ እታለማሁ ጋር ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ ታገላብጣለች። እኔንም ነርስ ልታደርገኝ ቆርጣ ተነሥታ ነበር።

«እጅሽ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ማን ያገባሻል እንዲህ ሆነሽ?» ትለኛለች።

«ነዳጅ ማደያ ያለው» እላታለሁ።

ያን ሰሞን ማኪኒ ከተማ አዲስ የተከፈተ የአረጋውያን ማቆያ ቤት ሥራ ስለሰጣት ከገና በኋላ ጓዟን ጠቅልላ ልትሄድ ነበር። እኛ አርሊንግተን ላለነው ማኪኒ ማለት በየት በኩል እንደሚኬድ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን የማይሄድበት አገር ነው።

ኅዳር ገባና የመጀመሪያው ብርድ ከሰሜን ነፈሰ። በእኛ ሥራ ይህ ትልቁ ሰሞን ነው። ጀልባ ያለው ሁሉ ሞተሩን ለክረምት ያስዘጋል፤ ፈረንጆቹ ዊንተራይዝ ይሉታል። ውሃ ፓምፑ ውስጥ ከቀረ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል፣ ቤንዚን ካርቡራተሩ ውስጥ ከከረመ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩን አጥበህ፣ ዘይት አጠጥተህ፣ አስተኝተህ እስከ ሙቀቱ ወር ትተወዋለህ። ከኋላ ያሉት መካኒኮች የጀልባው ብዛት ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው ነበርና ዱዌይን ጋ ገብቼ «እኔም ልሥራ» አልኩት።

ኮፍያውን ገፋ አድርጎ አየኝ። «የራስሽን ደንበኛ አምጪ» አለኝ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻሽን ሥሪው። ደንበኛው ራሱ እዚህ መጥቶ፣ በገዛ አፉ ‹ጥሩ ሠርታልኛለች› ካለኝ ከካሽ ሬጅስተሩ አነሣሽና ከኋላ የራስሽን ጠረጴዛ እሰጥሻለሁ። እሱን ካላለኝ ግን ትል መሸጥሽን ቀጥይ።»

ጀልባ ያለው ሐበሻ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ጋሽ ከፍያለው።

ጋሽ ከፍያለው ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ድሮ ባሕር ኃይል ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ከፈረሰ በኋላም የእሳቸው ማዕረግ ማደጉን አላቆመም፤ የመን ሲደርሱ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፣ ዳላስ ሲያርፉ ሻምበል ባሻ፣ በዚያ ኅዳር መኮንን ሊሆኑ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ጀልባዋን ጎረቤታቸው ወደ ኮሎራዶ ሲዛወር «ተራራ ላይ ምን ትሠራልኛለች?» ብሎ ትቶላቸው ሄደ። ቀን የሚቆጥሩት ታክሲያቸው ውስጥ በለጠፉት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው። ተሳፋሪ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ካላቸው የኛን ይነግሩታል፤ ሰውየው በረራው ያመለጠው ይመስለዋል።

ኮል አደረግኩላቸው። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ፣ «አምላክ ነው ያመጣሽ ዊንታዬ። ሞተሯን ለበጋ አዘጋጂልኝ» አሉኝ።

«ለበጋ?»

«ለበጋ። የማከብረው እንግዳ አለብኝ፣ ላንሸራሽርባት ነው። አደራሽን እንዳታዋርጂኝ።»

አርቆ አሳቢ ሰው ብዬ አደነቅኳቸው። ሌላው ሰው ሞተሩ ከሞተ በኋላ ነው የሚጮኸው፤ እሳቸው ግን ገና በኅዳር የጁላይን ሽርሽር ያስባሉ። «አይዞዎት ጋሼ፣ በበጋ በአንድ ቁልፍ ትነሣለች» አልኳቸው።

«እሱ ነው የምፈልገው» አሉ። ሁለታችንም ተደስተን ስልኩን ዘጋን።

በማግስቱ ዕቃዬን ይዤ ግቢያቸው ሄድኩ። ጋሽ ከፍያለው ነጭ የመርከበኛ ኮፍያ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ የጦር መርከብ የሚጎበኙ ይመስል በጀልባዋ ዙሪያ ይንጎራደዳሉ። ሞተር ከሐይቅ ውጭ ያለ ውሃ ከተነሣ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ውሃ የሚስብበትን ቦታ ግራና ቀኝ የሚሸፍኑ፣ ጆሮ መሸፈኛ የሚመስሉ ሁለት ላስቲኮች አሉ፤ የአትክልት ማጠጫው ጎማ እነሱ ላይ ይሰካል። እነሱን ሳለብሰው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«ጆሮው ላይ የሚደረግ ነው።»

«ብርድ እንዳይመታው?»

«ውሃ እንዲጠጣ።»

«በጆሮው?»

«ጋሼ፣ ባሕር ኃይል ነበሩ አይደል እንዴ?»

«የኛዋ በአፏ ነበር የምትጠጣው» አሉ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ።

ቀጥሎ የማርሹን ዘይት አወረድኩ። ጥቁር ነው፣ ወተት አልመሰለም፤ ወተት ቢመስል ውሃ ገብቶበታል ማለት ነበር። አዲሱን ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ሽቅብ መግፋት ስጀምር ጋሽ ከፍያለው አላስችል አላቸው።

«ማነሽ፣ ዘይት ከላይ ወደ ታች ነው የሚሞላው።»

«ከላይ ከሞሉት አየር ታፍኖ ይቀራል። ከታች ሲገፋ አየሩ በላይኛው ቀዳዳ ይወጣል።»

«እኛ ከላይ ነበር የምንሞላው።»

«መርከባችሁ የሰመጠችው ለዚህ ነዋ።»

 ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይቺን ምላስሽን ብሎን መፍቻ ባደረግሻት ይሻል ነበር» አሉኝ። ካንዴላ የሚለውን ቃል ያስተማሩኝም ያን ቀን ነው፤ እኔ ስፓርክ ፕለግ ስል «ካንዴላ በይ፣ ስሙ ካንዴላ ነው» ብለው ተቆጡኝ።

ወዲያው ወገባቸው ላይ ያለው ቢፐር ጮኸ። ኤርፖርት ተፈልገው ሄዱ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጋሽ ከፍያለው ያዩት ሞተር ሲታጠብና ዘይት ሲቀየር ብቻ ነው። መዝጋቱን አላዩም።

እኔ ግን ዘጋሁት፤ መጽሐፉ እንደሚለው፣ እንዲያውም ከመጽሐፉ በላይ። ሞተሩን አስነሥቼ ካሞቅኩት በኋላ የቤንዚን ቱቦውን ነቀልኩ፤ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን እየጨረሰ ሳለ የሚረጨውን ዘይት አፉ ውስጥ ለቀቅኩበት። አንቆት፣ አስሎት፣ ሰፈሩን በጭስ ሞልቶ ዝም አለ። ካንዴላዎቹን አውጥቼ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ደግሜ ረጨሁ። ግራሶ የሚነካውን ሁሉ ግራሶ አስነካሁ። ባትሪ ብርድ ስለማይወድ ፈትቼ ወደ ሱቃችን ወሰድኩና ከኋላ የእንጨት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። መካኒኮቹ መጥተው አይተው ምንም የሚነቅፉት አጡ። አኮረፉ። እኔም ባትሪው ላይ «ከፍያለው፣ እስከ በጋ» ብዬ ጽፌ፣ ሰውየውን የማመጣበትን ቀን ማሰብ ጀመርኩ።

ሰውየው ግን ቀደሙኝ።

የታኅሣሥ እሑድ ነበር። የቴክሳስ ታኅሣሥ ሙድ አለው፤ ዓርብ ያንቀጠቅጥህና እሑድ ቲሸርት ያስለብስሃል። ያን ዕለት የቲሸርቱ ቀን ነበር። እትዬ እታለማሁ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ማኅበር አለኝ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታለች። እኔ ሱቅ ነኝ። ዱዌይን እግሩን ባንኮኒው ላይ ሰቅሎ የካውቦይስን ጨዋታ በራዲዮ ይሰማል። ስልክ ጮኸ።

«ዊንታ፣ ሞተሯ ሞታለች» አሉ ጋሽ ከፍያለው። የሕዝብ ስልክ መሆኑ ያስታውቃል፤ ከኋላቸው ነፋስና ዳክዬ ይሰማል። «ቁልፉን አዞርኩ። ጭጭ።»

«የት ሆነው ነው?»

«ሐይቁ ላይ ነኛ። ጀልባዋን አውርጃታለሁ። እንግዳዬ ተቀምጣለች።»

«ሐይቁ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ለበጋ አዘጋጅተሽልኝ የለ?»

«ጋሼ፣ ዲሴምበር ነው።»

«ታኅሣሥ ነው» አሉ። «ታኅሣሥ በጋ ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው? ክረምት መስከረም ላይ ወጣ አይደል እንዴ?»

ያኔ ነው የገባኝ።  ሰውየው ልክ ናቸው። ክረምት ማለት ዝናብ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ በሐምሌ ነው፤ በጋ ማለት ዝናብ የሌለበት ነው፣ እሱም አሁን ነው። እኔ ዓመታት ሙሉ ዊንተርን ክረምት፣ ሰመርን በጋ እያልኩ ስተረጉም ከርሜ ሞተሩን እስከ ጁላይ አስተኝቼዋለሁ። ስሜ ራሱ ክረምት ተብሎ ሳለ ቃሉን አንድ ቀን ቆሜ አላሰብኩበትም። ስሕተቱ የእኔ ነው አላልኩም፤ አሁንም አልልም። የጋሽ ከፍያለውም አይደለም። ምድር እንዲያ ዘንበል ብላ ባትዞር ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ።

«እንዳይነኳት። መጣሁ» አልኩ።

ዱዌይን የራዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። «ምንድነው?»

«ደንበኛዬ ባትሪውን ፈልጎ ነው።»

«ዊንተራይዝ ያደረግሽለት ሰውዬ?»

«እሱ።»

«በዲሴምበር ጀልባ ላይ ወጣ?» እግሩን ከባንኮኒው አወረደ። ካውቦይስም እየተሸነፈ ነበር መሰለኝ፣ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። «ይኼንንማ ማየት አለብኝ።»

ባትሪውን፣ አዳዲስ ካንዴላዎችና መፍቻዬን ይዤ በራሴ መኪና ቀድሜው በረርኩ። በልቤ ትሉን፣ በረዶውንና ካሽ ሬጅስተሩን ለዕድሜ ልኬ ሲሸልሙኝ ይታየኝ ነበር።

ጀልባ ማውረጃው ጋ ስደርስ ጋሽ ከፍያለው በነጭ ሸሚዝና በመርከበኛ ኮፍያ ውሃው ዳር ተገትረዋል። ጀልባዋ በገመድ ታስራ ትንሳፈፋለች። ውስጧ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን በፌስታል ይዛ፣ ፊቷን ወደ ዳክዬዎቹ አዙራ ተቀምጣለች።

ያን ጀርባ የትም ባየው አውቀዋለሁ።

«እትዬ?»

ወዲያው አልዞረችም። «ማኅበር ነው ብዬሽ የለ» አለች ለዳክዬዎቹ።

«የምን ማኅበር?»

«እሳቸውስ ማኅበርተኛ አይደሉም እንዴ?»

ጋሽ ከፍያለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዓሣ አናጠምድም፣ ጾም ነው። ለመንሸራሸር ብቻ ነው» አሉኝ፣ እኔ የንስሐ አባታቸው ይመስል።

«ዓሣ የጾም ነው የሚሉም አሉ» አለች አክስቴ።

«አልጠየቅኳችሁም» አልኩና ጀልባዋ ላይ ዘለልኩ። ባትሪውን ሳስር አክስቴ እጄን ከጎን ታያለች። የቤንዚን ቱቦውን ሰካሁ፣ የላስቲክ ፓምፑን እስኪጠነክር ጨመቅኩ።

«እጅሽ ቤንዚን ቤንዚን ይላል» አለች በቀስታ።

«ዛሬ ጸልዪለት» አልኳት።

የዱዌይን መኪና መጥታ ቆመች። ወርዶ መኪናው ላይ ተደገፈና እጁን አጣጠፈ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ አሳለ፣ ደግሞ አስነጠሰና ጠፋ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ እኔው በረጨሁት ዘይት ርሰዋል። አዲሶቹን አሰርኩ፤ እንደገና አዞርኩ።

ተነሣ። ያጠጣሁት ዘይት ሁሉ በአንድ ጊዜ መቃጠል ጀመረ፤ ነጭ ጭስ ተግተልትሎ ወጣ፣ ጀልባዋን፣ ማውረጃውን፣ ዳክዬዎቹን ዋጠ። ማዶ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ተነሥቶ ጮኸ። እኔ ሞተሩን ትንሽ እዚሁ ታስሮ ይሥራ ልል ስል ጋሽ ከፍያለው የባሕር ኃይል ደማቸው ፈላ። «ውረጂ» አሉኝ። ወረድኩ። ገመዱን ፈቱ፣ ዘለው ገቡ፣ ማርሽ አስገቡና አክስቴን ይዘው ደመናው ውስጥ ተሰወሩ።

ዱዌይን አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «እየነደደ ነው?»

«አይደለም። ዘይቱ ነው።»

«አውቃለሁ ዘይቱ እንደሆነ። እኔ የምጠይቅሽ፣ ሰው ከዘጋሽለት በሁለት ሳምንቱ ለምን ይከፍታል? ምን ሥሪልኝ ነበር ያለሽ?»

«ለሰመር አዘጋጂልኝ አለኝ። ማለቴ፣ በእኛ ሰመር። የእኛ ሰመር አሁን ነው። ዝናብ የሌለበት ነው። ክረምታችን ደግሞ ዝናብ ነው፣ እሱም በእናንተ ሰመር ነው።»

ዱዌይን ይኼን ረጅም ጊዜ አኘከው። «ሶ» አለ በመጨረሻ፣ «ዊንተር ማለት ሰመር ነው።»

«እንደዛ አላልኩም።»

«አንቺ ግን ዊንተር ነሽ።»

«ዊንታ።»

«እሱን ነው ያልኩት።»

በዚህ መሃል ደመናው ውስጥ ሞተሩ ጠፋ። ልቤም አብሮ ጠፋ። ሐይቁ ጸጥ አለ፤ ውሃ ደግሞ ድምፅ አይደብቅም፤ እኛ ሰዎቹን ባናያቸውም ቃል በቃል እንሰማለን። ዱዌይን አማርኛ ስለማይችል ዳር ቆሞ ያንን ሁሉ ሰምቶ ምንም ያልሰማው እሱ ብቻ ነው።

አክስቴ ሳለች። «አቶ ከፍያለው፣ እዚህ ያመጡኝ ሊያፍኑኝ ነው?»

«ላነጋግርዎ ነበር። ዊንታ እንዲህ ይጨሳል አላለችኝም።»

«ይናገሩዋ። ማን ያየናል? እኔም እርስዎን አላይዎትም።»

 ከዚያ ጋሽ ከፍያለው፣ ያ ሁሉ ማዕረግ ከላያቸው ረግፎ፣ ቀጭን ድምፅ አወጡ። «ማኪኒ አይሂዱ።»

«ሥራ ነዋ። ይህን ያህል ሩቅ ነው እንዴ ማኪኒ?»

«ሩቅ ነው። ግን እሄዳለሁ ካሉ ጠዋት አደርስዎታለሁ፣ ማታ አመጣዎታለሁ።»

«በየቀኑ?»

«ሜትሩን ሳልከፍት።»

 እኔ በሕይወቴ ሞተር እንዳይነሣ የጸለይኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አንድ ታክሲ ነጂ ሜትር ካልከፈተ» አለች አክስቴ፣ «ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ፊትዎን ወደዚህ ያዙሩ እስቲ፣ ጥላሸት አለብዎት» አለች።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልጽፈውም፤ አክስቴ ናት። ቁልፍ ተሰማ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ አሁን ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ሁለቱም ሲሊንደሮች ተስማምተዋል። ጀልባዋ ከጭሱ ውስጥ ወጥታ ሐይቁን ዞረች፣ ደግማ ዞረች፣ ሦስተኛውን ሲጀምሩ ዱዌይን ሰዓቱን አየ።

ሲመለሱ የጋሽ ከፍያለው ነጭ ሸሚዝ በዘይት ነጠብጣብ የቆቅ ላባ መስሏል። የአክስቴ ነጠላም እንደዚያው። ስለ ነጠላዋ አንድ ቃል አለመናገሯን ሳይ ነገሩ እንደተቆረጠ አወቅኩ። እኔን አልፋ ስትሄድ ግን ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «ጎበዝ» አለችኝ፤ ከእሷ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ከፍያለው ቀጥ ብለው ወደ ዱዌይን ሄዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። እንግሊዝኛቸው ኤርፖርት ለማድረስ የሚበቃ እንጂ ደስታ ለመግለጽ የሚበቃ አልነበረምና ያላቸውን ሁሉ አንድ ላይ አወጡት።

«ዊንታ ጉድ» አሉ። «ቬሪ ጉድ ዊንታ። ቤስት ዊንታ ኦፍ ማይ ላይፍ።»

ዱዌይን ሰውየውን አየ፣ አሁንም ዛፎቹ ላይ የሚንሳፈፈውን ጭስ አየ፣ እኔን አየ። «ሰውዬው» አለኝ፣ «በሕይወቱ ምርጡ ዊንተር ነው ይላል።»

«እንደዚያ ነው ያለው» አልኩ። ላርመው እችል ነበር። አላረምኩትም።

«እንግዲህ ዊንተራይዝ ያደረገ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይባላል?» አለና ወደ መኪናው ሄደ። «ሰኞ ከኋላ ግቢ።»

ሰኞ ከኋላ ገባሁ። ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ ሥር ናት። ሸሚዜ ላይ በቀይ ክር «ዊንተር» ተብሎ ተጠልፏል፤ ጠላፊዋ ዱዌይንን ጠይቃ እንጂ እኔን ጠይቃ አይደለም። ሐበሻ ደንበኛ ሲመጣልኝ አሁን ወቅት አልጠይቅም፣ ወሩን በስሙ እጠይቃለሁ፤ በሁለቱም ካላንደር።

አክስቴ ማኪኒ ሥራዋን ጀምራለች፤ አድራሻዋ ግን አልተለወጠም፤ በጠዋት ታክሲ ደጃችን ይቆማል። ሠርጉ በበጋ ነው ብለዋል ጋሽ ከፍያለው። የትኛው በጋ እንደሆነ እስካሁን ደፍሮ የጠየቃቸው የለም።